ከከንፈር ምች እስከ ካንሰር ሕክምና፦ ቫይረስን መድኃኒት የማድረጉ ጥረት የት ደርሷል?

ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ ሰው በማግስቱ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ሲወጡበት «ምች መታኝ» ይላል፤ እናቱም ከጓሮ ዳማከሴ ቀንጥሳ በመዳፏ አሽታ ታሸትተዋለች፣ ፊቱንም ትቀባዋለች። በሐኪሞች ዘንድ ይህ የከንፈር ቁስል ኸርፐስ ሲምፕሌክስ 1 የተባለ ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰው ብቅ ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች መካከል 3.8 ቢሊዮን የሚሆኑት ይህን ቫይረስ ተሸክመው ይኖራሉ። እንዲህ በየቤቱ ያለው ቫይረስ ዘረመሉ በላቦራቶሪ ተነካክቶ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2015 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ የሰጠው የቆዳ ካንሰር መድኃኒት ሆነ።

«ቫይረስ ካንሰርን ይፈውሳል» የሚል ወሬ በፌስቡክና በቴሌግራም እየደጋገመ ይዞራል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ይሁንና ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው አንድ ሕመምተኛ በቫይረስ ምክንያት እንደተሻለው የሚነገር ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ ከሌላ ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ የተረጋገጠ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከመቶ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ነው፤ የሁለተኛው ዓይነት ግን ዛሬም በጣት የሚቆጠር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ መንገዱ ለምን ይህን ያህል እንደረዘመ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካምፓላው ልጅ

በዘርፉ ተደጋግመው ከሚነሱት ታሪኮች አንዱ የተመዘገበው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በኡጋንዳ ነው። አቭረም ብሉሚንግና ጆን ዚግለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ በርኪት ሊምፎማ በተባለ ካንሰር የቀኝ ዓይኑ አካባቢ ያበጠ የ8 ዓመት ልጅ ሁኔታ ዘግበዋል። ልጁ የካንሰር መድኃኒት ሳይጀምር ኩፍኝ ያዘው። ሽፍታው በሰውነቱ ላይ ሲወጣ፣ ዓይኑን ገፍቶት የነበረው እብጠት እየሟሸሸ ሄደ። ሐኪሞቹ ያደረጉት ነገር አልነበረም፤ ያዩትን ጻፉ እንጂ።

ታሪኩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው የበሽታው ማንነት ነው። በርኪት ሊምፎማ በተለይ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ካንሰር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ከነበረውና በ1958 ስለ በሽታው ከጻፈው ቀዶ ሐኪም፣ ከዴኒስ በርኪት ነው። በ1964 ማይክል ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ከዚሁ ዕጢ በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ እስከዚያ ድረስ የማይታወቅ ቫይረስ አገኙ፤ በሰው ላይ ካንሰር በማምጣት ተጠርጥሮ በስም የታወቀ የመጀመሪያው ቫይረስ እርሱ ነው። እንግዲህ አንዱ ቫይረስ ዕጢውን ለመፍጠር ሲያግዝ፣ ሌላው ቫይረስ፣ ኩፍኙ፣ ያንኑ ዕጢ አሟሽሾታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከዋናው ጉዳይ ለአፍታ ወጣ ብሎ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። በ2018 በዓለም ላይ ከታዩት አዳዲስ የካንሰር ሕመሞች 13 ከመቶ ያህሉ ከቫይረስና ከሌሎች ተዋሲያን የመጡ መሆናቸው ተገምቷል፤ ከቫይረሶቹም የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ እና ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ ዋነኞቹ ናቸው። ኢትዮጵያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት ትሰጣለች። በቫይረስና በካንሰር መካከል ያለውን ግንኙነት በማወቅ እስካሁን የተረፈው ሰው ቁጥር ቢሰላ፣ ክንዷን ገልጣ የተከተበችው ተማሪ ከማንኛውም የቫይረስ መድኃኒት ትበልጣለች። ክትባቱ የሚሠራው ግን በሽታው ሳይመጣ ነው፤ ዕጢው ከወጣ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ አሁንም ይቀራል።

የካምፓላው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያው አልነበረም። ጆርጅ ዶክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1904 የደም ካንሰር የነበረባት አንዲት ሴት ኢንፍሉዌንዛ ከሚመስል ሕመም በኋላ የነጭ የደም ሕዋሷ ቁጥር በእጅጉ እንደወረደ ጽፎ ነበር። በ1912 ደግሞ ኒኮላ ደ ፓቼ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ውሻ ነክሷት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሰጣት ሴት የማኅፀን በር ዕጢዋ መቀነሱን ዘገበ። በሁለቱም ዘመን ቫይረስ ምን እንደሆነ በውል አይታወቅም ነበርና፣ ሐኪሞቹ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን ማየት አልቻሉም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቫይረስን በላቦራቶሪ ማራባት ሲቻል መጠበቁ ቀርቶ ሆን ብሎ መስጠት ተጀመረ። በ1949 ሆጅኪን በተባለ የንፍፊት ካንሰር የሚሠቃዩ 22 ሰዎች የጉበት ብግነት ቫይረስ እንዲይዛቸው ተደረገ። በኒው ዮርክ ስሎን ኬተሪንግ ተቋም ቸስተር ሳውዛም ኢጅፕት 101 የተባለውን የዌስት ናይል ቫይረስ ዝርያ ለካንሰር ሕመምተኞች ሰጠ። ጥቂቶቹ ዕጢያቸው ለጊዜው ቀነሰ፤ አንዳንዶቹ ግን ቫይረሱ አንጎላቸውን አሳበጠው። ይኸው ሳውዛም በ1963 በብሩክሊን በሚገኝ ሆስፒታል ለተኙ 22 ሕመምተኞች፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ለነበሩት፣ ምን እንደሚወጉ ሳይነገራቸው ሕያው የካንሰር ሕዋሳት እንዲወጉ ማድረጉ ታውቆ ከፍተኛ ቅሬታ አስነሣ። ዛሬ በሰው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲመረመር የሚያስገድዱት ደንቦች ከተወለዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ኬሞቴራፒ እየተሻሻለ በመምጣቱ ቫይረሱ ተረሳ፤ እንደ እኔ እምነት መረሳቱ ለጊዜው ደግ ነበር፣ ምክንያቱም ያኔ ቫይረሱን መስጠት እንጂ መግራት የሚያውቅ አልነበረም።

ዕጢው ውስጥ የሚሆነው

መግራቱ የተጀመረው የዘረመል ምሕንድስና ሲመጣ ነው። በ1991 ሮበርት ማርቱዛና ባልደረቦቹ አንድ ዘረመል የተነሣለት ኸርፐስ ቫይረስ በአይጦች ላይ የተተከለ የሰው አንጎል ዕጢ እንደሚያጠፋ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳዩ። ሐሳቡን ለመረዳት ቫይረስ ጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ጤናማ ሕዋስ እንግዳ እንደገባበት ሲያውቅ ቫይረሱ የሚራባበት ነገር እንዳያገኝ ፕሮቲን ማምረቱን ያቆማል፤ ኢንተርፌሮን የተባለ መልእክተኛ እያወጣም ጎረቤት ሕዋሳትን ያስጠነቅቃል፤ ከባሰም ራሱን ይገድላል። የካንሰር ሕዋስ ግን ያለገደብ ለመባዛት ሲል እነዚህን ልጓሞች አንድ በአንድ በጥሷል። ልጓሙን መበጠሱ ለዕድገቱ ቢጠቅመውም፣ ለቫይረስ ግን በሩን ከፍቶለታል። ስለዚህ ቫይረሱ ጤናማውን ሕዋስ ለማሸነፍ የሚጠቀምበት መሣሪያ በላቦራቶሪ ቢነጠቅ፣ ጤናማው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ይመክናል፤ መከላከያውን በጣለው የካንሰር ሕዋስ ውስጥ ግን ይራባል።

በ2015 የተፈቀደው መድኃኒት ቲ-ቬክ በሚል አጭር ስም፣ ለገበያም ኢምሊጂክ ተብሎ ይጠራል። የሠራው ባዮቬክስ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ አምጀን በ2011 ገዝቶታል። ከቫይረሱ ሁለት ዘረመሎች ወጥተው አንድ ገብቶበታል። የመጀመሪያው የወጣው ቫይረሱ የጤናማ ሕዋስን መከላከያ እንዲያሸንፍና ነርቭን እንዲጎዳ የሚያስችለው ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ ራሱን ከሰውነት ጠባቂዎች ዓይን የሚሰውርበት ዘረመል ነው፤ እርሱ ሲወጣ የተለከፈው ሕዋስ ይጋለጣል። የገባው ደግሞ ጂኤም-ሲኤስኤፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ የሰው ዘረመል ሲሆን፣ ሥራው በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን ወደ ቦታው መጥራት ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሕክምና «እሾህን በእሾህ» ይሉታል። አባባሉ ጥሩ ቢሆንም እዚህ ላይ የሚያሳስት ይመስለኛል። እሾህን የሚያወጣ እሾህ ሥራውን ብቻውን ይጨርሳል፤ ቫይረሱ ግን ብቻውን ብዙ ሩቅ አይሄድም። ሌሊት ሌባ የገባበት ሰው «ኡኡ» ብሎ ሲጮህ ሌባውን የሚይዘው ጩኸቱ ሳይሆን ዱላውን ይዞ የሚወጣው ጎረቤት ነው። ካንሰር ዋና ብልሃቱ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ፣ ቤተኛ መስሎ መኖር ነው። ቫይረሱ የካንሰሩን ሕዋስ ሲያፈነዳው በውስጡ ተሸሽገው የነበሩት የዕጢው ምልክቶች ይበተናሉ፤ የቫይረሱ መኖርም በራሱ አደጋ መኖሩን ያውጃል። ነጭ የደም ሕዋሳት ለቫይረሱ ብለው ይመጣሉ፤ በዚያው የዕጢውን መልክ ለይተው ይማራሉ፤ ዕድል ከቀናም መርፌ ያልነካውን ሌላ ዕጢ እስከ ሳንባና ጉበት ድረስ ያሳድዱታል። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ዋናውን ተስፋ የሚጥሉት በቫይረሱ ገዳይነት ላይ ሳይሆን በዚህ ኡኡታው ላይ ነው።

አሰጣጡ ቀላል ይመስላል፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። መድኃኒቱ ከዜሮ በታች ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ተቀምጦ፣ ሊሰጥ ሲል ይቀልጣል። ሐኪሙ በቆዳ ላይ ወይም ከቆዳ ሥር የሚዳሰሰውን እባጭ በመርፌ ወግቶ፣ መርፌውን ሳያወጣ አቅጣጫውን ወዲህና ወዲያ እየለወጠ ፈሳሹን በዕጢው ውስጥ ያዳርሳል። የመጀመሪያው ቀን መጠን ሆን ተብሎ ይቀነሳል፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ቫይረስ፤ ሰውነቱ ቫይረሱን ከተላመደ ከ3 ሳምንት በኋላ ወደ 100 ሚሊዮን ከፍ ይላል፤ ከዚያ በየ2 ሳምንቱ ይደገማል። ታካሚው ቤቱ ሲገባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይደክመዋል፤ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የተወጋው ቦታ በፋሻ ይሸፈናል፤ ፋሻውን የሚቀይርለት ቤተሰብ ጓንት ያደርጋል፤ የወጣውም ፋሻ በላስቲክ ታሽጎ ይጣላል፤ ውስጡ ሕያው ቫይረስ አለና። ቫይረሱ ከተፈለገበት ቦታ ወጥቶ ቢገኝ አሲክሎቪር የተባለው የታወቀው የኸርፐስ መድኃኒት ይሠራበታል፤ ኸርፐስ ለዚህ ሥራ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ይህ መድኃኒት ወደ ፈቃድ የደረሰው በታሪክ ሳይሆን በቁጥር ነው። በአሜሪካ፣ በብሪታንያ፣ በካናዳና በደቡብ አፍሪካ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል፣ ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር የነበረባቸው 436 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ከሦስት ሁለት ያህሉ ቫይረሱን፣ ሌሎቹ ጂኤም-ሲኤስኤፍን ብቻ ወሰዱ። ዕጢው ቀንሶ ወይም ጠፍቶ ቢያንስ 6 ወር የቆየላቸው ቫይረሱን ከወሰዱት 16.3 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 2.1 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከተወጉት ዕጢዎች 64 ከመቶው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሱ፤ ሳይወጉ በውስጥ አካላት ላይ ከነበሩት ዕጢዎች ግን እንዲህ የቀነሱት 15 ከመቶ ናቸው። አማካዩ የመኖሪያ ጊዜ ቫይረሱን ለወሰዱት 23.3 ወር፣ ለሌሎቹ 18.9 ወር ነበር፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን ይህ ልዩነት ለጥቂት ሳያልፍ ቀርቷል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ሁለት ነገር ይረዳል። ኡኡታው በእርግጥ ይሰማል፤ ጎረቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ከተወጋው ዕጢ ማዶ አይሻገርም። ኩባንያው ያኔ ለአንድ ታካሚ የገመተው ወጪ በአማካይ 65 ሺሕ ዶላር ነበር።

ከመርፌው ማዶ

ቫይረሱን በደም ሥር ሰጥቶ ወደ መላ ሰውነት ማድረስ ቢቻል ይህ ሁሉ ይቀል ነበር። እንቅፋቱ ሰውነት ራሱ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት የሚያውቁትን ቫይረስ ዕጢው ጋ ሳይደርስ ይይዙታል። በ2014 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ለሁለት የመቅኔ ካንሰር ሕመምተኞች የኩፍኝ ክትባት ቫይረስን በደም ሥር ሰጥተው፣ አንደኛዋ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋላት ሲያስታውቁ ወሬው በዓለም ናኘ። የተሰጣት መጠን 100 ቢሊዮን ቫይረስ ነበር፤ ይህ 10 ሚሊዮን ሰው ከሚከተብበት ጋር እኩል ነው። በዜናዎቹ ብዙም ያልተነገረው፣ ሁለቱም ሕመምተኞች ለዚህ የተመረጡት በደማቸው ውስጥ የነበረው የኩፍኝ መከላከያ ዝቅተኛ በመሆኑ ጭምር መሆኑ ነው። ኩፍኝ ወጥቶለት ወይም ተከትቦ ያደገ ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና በሩን ገና በሕፃንነቱ ዘግቶታል። ጥሩ ክትባት ያገኘ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ከሆነ፣ የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

ሌላው ገደብ በአገራችን ሁኔታ ከዚህ የከበደ ነው። ሕያው የሆነው ቲ-ቬክ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰውና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የማኅፀን በር ካንሰር ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ በሚገኝ ሴቶች ላይ እንደሚበረታ የታወቀ ነው። ኡኡ ብሎ የሚጮህ ቫይረስ፣ የሚወጣ ጎረቤት በሌለበት መንደር ምንም አይፈይድም፤ እንዲያውም ራሱ ሌባ ሊሆን ይችላል። የጨረር ሕክምና ለዓመታት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውጭ ባልነበረበት አገር፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የሚጠብቅ ማቀዝቀዣና በየ2 ሳምንቱ መመላለስ የሚጠይቅ መድኃኒት በቅርቡ ይደርሳል ብሎ ተስፋ መስጠት ታማሚን ማታለል ነው።

የከሸፉትን ሙከራዎች ማወቅ ከተሳኩት እኩል ይጠቅማል። በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን ክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ። ያ ክትባት ቫክሲንያ የተባለ ሕያው ቫይረስ ነበር። ከዚሁ ቫይረስ የተሠራው ፔክሳ-ቬክ በጉበት ካንሰር ላይ በ459 ሕመምተኞች ተሞክሮ፣ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ተደምሮ ምንም እንደማይጨምር በመታየቱ ሙከራው በ2019 ተቋረጠ። ቲ-ቬክም ቢሆን ካንሰር በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ የሚጥለውን ልጓም ከሚያወልቀው ፔምብሮሊዙማብ ጋር ተጣምሮ በ692 የሜላኖማ ሕመምተኞች ሲሞከር፣ ብዙዎች ያለጥርጥር ይሠራል ያሉት ይህ ጥምረት ከፔምብሮሊዙማብ ብቻ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ በ2021 ቆመ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ስለሆነ ብቻ በሕመምተኛው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ከዚህ ሙከራ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በአንጻሩ ቫይረሱ በቦታው ተወስኖ ሊቆይ በሚችልባቸው አካላት ተስፋው ደመቅ ይላል። ፊኛ በቀጭን ቱቦ ሊደረስበት የሚችል ከረጢት ነው፤ ክሬቶስቲሞጂን የተባለው፣ ከጉንፋን ቫይረሶች አንዱ ከሆነው ከአዴኖቫይረስ የተሠራው መድኃኒት፣ የተለመደው ሕክምና ባልሠራላቸው የፊኛ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ከ4 ሰዎች በ3ቱ ገደማ ዕጢው መጥፋቱ ታይቷል። ቻይና ደግሞ በአዴኖቫይረስ የተሠራውን ኤች101 የተባለ መድኃኒት ለራስና አንገት ካንሰር የፈቀደችው ከአሜሪካ ቀድማ፣ በ2005 ነው። ላትቪያም ሪግቪር የተባለ የቫይረስ መድኃኒት በ2004 መዝግባ ነበር፤ በ2019 ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ከተጻፈው በታች ሆኖ በመገኘቱ ፈቃዱ ታገደ። እስከዚያ ድረስ ከሌሎች አገሮች ጭምር ሕመምተኞች ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ይጓዙ ነበር።

አንጎልም እንደ ፊኛ የተከለለ ቦታ ነው፤ ሆኖም መግባቱ ከባድ ነው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ማትያስ ግሮማየር ለዚህ ሥራ የመረጠው በየቤቱ ሕፃናት አፍ ውስጥ የሚንጠባጠበውን የፖሊዮ ክትባት ቫይረስ ነው። ፖሊዮ የሚገባበት በር፣ ሲዲ155 የተባለ ፕሮቲን፣ በብዙ ዕጢዎች ላይ በብዛት ይገኛል። ቫይረሱ ነርቭን እንዳያሽመደምድ አንድ የዘረመሉ ክፍል ወጥቶ በጉንፋን ቫይረስ ክፍል ተተካ፤ ከዚያም በራስ ቅል ተቀዶ በገባ ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ዕጢው ተንጠባጠበ። በ2018 በታተመው ውጤት፣ ግሊዮብላስቶማ የተባለው አስከፊ የአንጎል ካንሰር ካገረሸባቸው 61 ሰዎች መካከል 21 ከመቶው ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ከቀድሞ መዛግብት ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ 4 ከመቶ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ በዕጣ ከተከፈለ ቡድን ጋር ሳይሆን ከድሮ ሕመምተኞች ጋር ነው፤ ለሙከራ የሚመረጥ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል።

ታሪክና ማስረጃ

ታሪክን ከማስረጃ የመለየቱ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የወጣው በክሮኤሺያ ዋና ከተማ በዛግሬብ ነው። ቤአታ ሃላሲ በዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ የቫይረስ ተመራማሪ ናት። በ2020፣ በ49 ዓመቷ፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና በወጣው ጡቷ ቦታ ላይ ካንሰሩ እንደገና አገረሸባት። ኬሞቴራፒን ዳግም መቀበል አልፈለገችም። ቫይረስ ማራባትና ማጣራት የዕለት ሥራዋ ስለነበር ራሷ ያዘጋጀችውን፣ መጀመሪያ የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ፣ ቀጥሎም የከብትንና የፈረስን አፍ የሚያቆስል ቫይረስ፣ ባልደረባዋ ወደ ዕጢው እንዲወጋላት አደረገች። ካንሰር ሐኪሞቿ አንድ ነገር ቢበላሽ ሕክምናውን ለማስቆም ተስማምተው ይከታተሏት ነበር። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ዕጢው አነሰ፣ ለሰለሰ፣ ከሥሩ ካለው ጡንቻና ከላዩ ካለው ቆዳ ተላቀቀ፤ በቀላሉም በቀዶ ሕክምና ወጣ። ተቆርጦ ሲመረመር ሊምፎሳይት በተባሉ ተከላካይ ሕዋሳት ተወርሮ ተገኘ፤ ኡኡታው ተሰምቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ለአንድ ዓመት ትራስቱዙማብ የተባለውን መድኃኒት ወሰደች። ጽሑፏ በ2024 ሲወጣ ካንሰሩ ለ4 ዓመት አልተመለሰም ነበር።

ጽሑፉን ከ12 በላይ መጽሔቶች አልቀበልም ብለውት ነበር። ምክንያታቸው ሌሎች ሕመምተኞች ያልተፈተነ ነገር ራሳቸው ላይ እንዲሞክሩ ያበረታታል የሚል ነው። በእኔ አመለካከት ጽሑፉ መታተሙ ትክክል ነበር፤ ስጋቱም ትክክል ነው። ሃላሲ ያደረገችውን ለማድረግ የራስ ላቦራቶሪ፣ የዓመታት ሙያና በቅርብ የሚከታተል የሐኪም ቡድን ያስፈልጋል። ታሪኳን በስልኩ ስክሪን ላይ ያነበበ ሰው ግን ቀዶ ሕክምናውንና ከዚያ በኋላ የወሰደችውን መድኃኒት ዘልሎ «በኩፍኝ ቫይረስ ዳነች» የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ካንሰሩ ያልተመለሰው በቫይረሱ፣ በቢላዋውና በመድኃኒቱ መካከል በየትኛው እንደሆነ ከአንድ ሰው ታሪክ ለመለየት አይቻልም።

ይኸው ክርክር በ2025 በተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ተነሣ። ቀደም ሲል በባዮቬክስ ቲ-ቬክን የሠራው ሮበርት ኮፊን ካቋቋማቸው ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሬፕሊሚዩን፣ አርፒ1 የተባለ አዲስ ኸርፐስ ቫይረስ አዘጋጅቶ፣ ልጓም አውላቂ መድኃኒት ባልሠራላቸው 140 የሜላኖማ ሕመምተኞች ላይ ከዚያው ዓይነት መድኃኒት፣ ከኒቮሉማብ ጋር ሞክሮ ነበር። ከሦስት አንድ ያህሉ ዕጢያቸው ቀነሰ። ሌላ አማራጭ ለሌለው ሕመምተኛ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን በጁላይ ወር 2025 ፈቃዱን ከለከለ፤ ሙከራው ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ የተካተቱት ሕመምተኞችም እርስ በርሳቸው የተለያዩ በመሆናቸው ውጤቱን ለመተርጎም አይቻልም አለ። ሕመምተኞችን የሚያክሙ ብዙ የሜላኖማ ሐኪሞች ውሳኔውን በአደባባይ ተቃወሙ። መድኃኒቱ ከኒቮሉማብ ጋር ስለተሰጠ ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ያ ኒቮሉማብ መሰል መድኃኒት ቀድሞ ባልሠራላቸው ሰዎች ላይ ዕጢው መቀነሱን ግን በአጋጣሚ ብቻ ማስረዳትም ይከብዳል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ማመልከቻውን እንደገና አስገባ፤ መሥሪያ ቤቱም ለዳግም ምርመራ ተቀበለው።

ጃፓን ለዚሁ ችግር ሌላ መንገድ መርጣለች። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቶሞኪ ቶዶ ሦስት ቦታ ላይ ዘረመሉ የተለወጠ ኸርፐስ ቫይረስ ሠርቶ፣ ግሊዮብላስቶማ ላለባቸው 19 ሰዎች በአንጎላቸው ውስጥ እስከ 6 ጊዜ ወጋ። ከዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 84.2 ከመቶ ሲሆኑ፣ አማካዩ የመኖሪያ ጊዜ 20.2 ወር ነበር። ማነጻጸሪያ ቡድን እዚህም አልነበረም። የጃፓን መንግሥት በጁን ወር 2021 መድኃኒቱን ዴሊታክት በሚል ስም ፈቀደ፤ ሆኖም ፈቃዱ ለ7 ዓመት ብቻ የሚጸና ነው። በእነዚህ ዓመታት አምራቹ መድኃኒቱ የተሰጣቸውን ሕመምተኞች ሁሉ እየመዘገበ ውጤቱን ማቅረብ አለበት፤ የተሰጠው ጊዜ በ2028 ያበቃል።